ሦስት ጣሳና አንድ ባቄላ

ዶክተር ሙሉቀን ስለ ፍትሐዊ የምርጫ ዘዴዎች መቶ አርባ ገጽ ጽፎ "ዶክተር" የተባለ ሰው ነው። በሕይወቱ ግን አንድም ምርጫ አሸንፎ አያውቅም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየው ቤት ውስጥ እንኳ እራት ምን ይሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሚስቱ ዓይናለምና ሁለቱ ልጆቹ ሦስት ለአንድ ይረቱታል። ሽንፈቱንም በጸጋ አይቀበልም፤ "ይህ እኮ የብዙኃን አምባገነንነት ነው" እያለ ፓስታውን ይበላል።

ይህን ታሪክ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ለተቀመጠ ሁሉ የሚያወራው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ቢያወራበት ስም ማጥፋት ይባል ነበር። እሱ ግን ካፈርሁ አይመልሰኝ ብሎ፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠይቀው፣ ከመጋረጃው ይጀምራል።

ከሦስት ዓመት በፊት በሚያስተምርበት የትምህርት ክፍል ለመምህራን ማረፊያ መጋረጃ ሊገዛ ታሰበ። ግማሹ መምህር ሰማያዊ አለ፣ ግማሹ ቀይ አለ፤ በዚህ ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። ሙሉቀን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አልወስድ አለው። አሥር ዓመት የደከመበት ትምህርት በመጨረሻ ለሰው ልጅ ሊጠቅም ነው። እያንዳንዱ መምህር አምስት ቀለሞችን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ በደረጃ እንዲጽፍ አደረገ፤ ለአንደኛ አራት ነጥብ፣ ለሁለተኛ ሦስት እያለ፣ ለመጨረሻው ባዶ ሰጥቶ ደመረ። ሰማያዊ ወዳዶቹ ቀዩን ከታች ወረወሩት፤ ቀይ ወዳዶቹም ሰማያዊውን እንዲሁ። ሁለተኛ ላይ ግን ሁለቱም ወገን ቡኒ ጽፎ ኖሮ ቡኒ አሸነፈ። አንድ ሰው እንኳ አንደኛ ያላለው፣ አንድ ሰው እንኳ ያልጠላው ቡኒ መጋረጃ ተሰቀለና ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ የመሸበት ይመስል ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሙሉቀን ስም ዶክተር ቡኒ ነው።

እንዲህ ስሙ በመጋረጃ ተጠቅልሎ ሳለ ነው ታላቅ እህቱ ሐረገወይን የደወለችለት። ሐረገወይን የምትኖረው በተወለዱበት በወይናምባ ነው፤ ከአዲ አርቃይ ሁለት ሰዓት ሽቅብ በእግር ያስኬዳል። ወይናምባ ሦስት መንደር ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ላይ ቤት ይባላል፣ ትምህርት ቤቱ ያለበት መካከል ቤት፣ ሐረገወይን ያለችበት ደግሞ ታች ቤት። ሦስቱ መንደሮች በሌላ ነገር ሁሉ ቢለያዩም በውሃ ችግር እኩል ናቸው፤ ምንጩ ማዶ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ከየትኛውም ቢነሱ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የስሜን ተራራ ዝናም በደጃቸው እየጎረፈ ወደ ተከዜ ይወርዳል፣ እነሱ ጀሪካን ተሸክመው ማዶ ይሻገራሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለነሱ ነው የሚመስለው።

"ሙሌ፣ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈርልን ነው" አለችው ሐረገወይን።

"ሸጋ ነገር ነዋ።"

"ሸጋ ነው። ግን ጉድጓዱ አንድ ነው። ቦታውን እናንተው ምረጡ ብለውናል። እጅ በማውጣት ከሆነ ለላይ ቤት ነው፤ ወፍጮውም፣ ጤና ኬላውም፣ አዳራሹም እንዲያ ሆኖ ነው የሄደው። ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል። ትዕግስት በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርቷን ትታ ውሃ ትቀዳልኛለች። አንተ የምርጫ ሐኪም አይደለህ?"

የምርጫ ሐኪም። ከዶክተር ቡኒ በኋላ ይህን የመሰለ ማዕረግ ማን ይጠላል? ሙሉቀን ስልኩን ሳይዘጋ ቦርሳውን ፈለገ። ለእህቱ ልጅ ለትዕግስት ደብተር፣ ለእህቱ የጉልበት ቅባት፣ ለሳይንስ ደግሞ ሦስት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ከተተ። ዓይናለም ጣሳዎቹን አይታ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ" ብላ ሸኘችው። የእነሱ ቤት ቧንቧ ውሃ ካየ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር።

መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ስለነበር ሚኒባሱ በጊዜ ደባርቅ ገባ። ሊማሊሞን ሲወርዱ ሌላው ተሳፋሪ ገደሉን እያየ ይጸልያል፤ ሙሉቀን ደብተሩ ላይ ይደምራል። ላይ ቤት ሠላሳ ስምንት ድምፅ ሰጪ አለ፣ መካከል ቤት ሃያ ስድስት፣ ታች ቤት ሃያ ሁለት፤ በድምሩ ሰማንያ ስድስት። ሁሉም ለየመንደሩ እጁን ቢያወጣ ላይ ቤት በሠላሳ ስምንት ያሸንፋል። እንግዲህ ከሰማንያ ስድስቱ አርባ ስምንቱ ያልፈለገው ነገር አሸነፈ ማለት ነው። ይህን በደል መቶ አርባው ገጽ በሚገባ አውግዞታል።

ደረጃ ማስጻፍ አይሆንም፤ ብዙው ሰው አይጽፍም፣ ደግሞም ቡኒን አልረሳም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መረጠ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ባቄላ ይይዛል፤ ከሦስቱ ቦታዎች በሚስማማው ሁሉ አንዳንድ ይጥላል፣ በማይስማማው ላይ አይጥልም። ላይ ቤቶች ለራሳቸው ይጥላሉ፣ መካከል ቤትም ቅርባቸው ነውና አይጠሉትም። ታች ቤቶችም እንዲሁ። ስለዚህ መካከል ቤት ያሸንፋል። ከመካከል ቤት እስከ ሐረገወይን ደጃፍ ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው። ለእህቱም፣ ለፍትሕም፣ ለሚጽፈው ጥናትም የሚበጅ ውጤት ነበር። አዲ አርቃይ ሲወርድ በልቡ የጥናቱን ርእስ ጨርሶ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በመካከል ቤት ትምህርት ቤት ግቢ ተሰበሰበ። ከአስቆፋሪው ድርጅት የመጣችው የውሃ ባለሙያ ሰላም ትባላለች፤ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። "ሦስቱም ቦታ ውሃ አለው። ማሽኑ ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምራል። እስከዚያ ካልተስማማችሁ ወደሚቀጥለው ቀበሌ እሄዳለሁ" አለችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቀበሌው ሊቀመንበር አዳነም "ምርጫውን የሚመራልን የራሳችን ልጅ ነው፤ ከጎንደር ድረስ በዚሁ ጉዳይ ዶክተር ሆኖ መጥቷል" ብሎ ሙሉቀንን አቆመው።

ሙሉቀን ተናገረ። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ድምፅ ምስጢር መሆን አለበት፣ ማንም ሌላውን ፈርቶ ወይም ምን ይሉኛል ብሎ መምረጥ የለበትም አለ። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥግ ጋቢ በሁለት ችካል ወጥሮ ነበር፤ ቡኒ አለመሆኑንም ሁለት ጊዜ አረጋግጧል። ከጋቢው ጀርባ ሦስቱ ጣሳዎች ተደርድረዋል። በላይ ቤት ጣሳ ላይ መስቀል፣ በመካከል ቤት ላይ መጽሐፍ፣ በታች ቤት ላይ የመንደሩን የዋንዛ ዛፍ ስሎባቸዋል። ዋንዛው ጎመን ይመስል ነበር፤ ሆኖም ማንም አልተሳሳተበትም።

"ማን ይጀምር?" አለ ሙሉቀን።

ጥያቄው ራሱ የከተማ ሰው ጥያቄ ነበር። ወይናምባ ውስጥ ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ እንጀራም ሆነ ነገር፣ የሚጀምረው ሽማግሌ ነው። የላይ ቤቱ አያ በላቸው ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው አስይዘው፣ ሦስት ባቄላቸውን ጨብጠው ከጋቢው ጀርባ ገቡ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ።

ቋ።

ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቋ። ቀጥሎም፣ ቋ።

አያ በላቸው ወጡ። ሦስት ጊዜ ጥለዋል፤ ይህን በግቢው ውስጥ ያልሰማ ሰው ቢኖር ደንቆሮው የመካከል ቤት አጥር ጠባቂ ብቻ ነው። ሙሉቀን ለዓይን ጋቢ ወጥሮ ነበር፣ ጆሮን ግን ረስቶታል። በዶክተርነት ማዕረግ የመረጠው ዕቃ ባዶ ቆርቆሮ ነበር፣ የመረጠው ድምፅ መስጫም ደረቅ ባቄላ።

ከአያ በላቸው ቀጥሎ የገቡት እማሆይ ይመኙሽ ናቸው፤ በላይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። እንግዲህ አስቡት። ሽማግሌው ለመካከል ቤትም ለታች ቤትም ሳይሳሱ ጥለዋል፣ ሁሉም ሰምቷል። አሁን እማሆይ አንድ ብቻ ጥለው ቢወጡ፣ ውጭ የቆሙት የታች ቤት ሰዎች ምን ይላሉ? ለኛ ውሃ ነፈጉን አይሉም? ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ቀጥሎ የታች ቤት ሰው ገባ። የላይ ቤት ሽማግሌና መነኩሲት ለሱ መንደር ጥለው እያለ እሱ ለነሱ ሊነፍግ ነው? ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እስከ ሃያኛው ሰው ድረስ ሙሉቀን የአጋጣሚ ነገር ነው አለ። እስከ አርባኛው ድረስ ጥቂት ሰዎች ይለያሉ ብሎ ጠበቀ። ስድሳኛው ላይ መጠበቁን ትቶ መቁጠር ጀመረ፤ መቁጠር መቼም ልማዱ ነው። ሐረገወይን እያነከሰች ገባች፤ እንግዲህ እሷ እንኳ፣ አለ በልቡ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ስትወጣ ወንድሟን አላየችውም።

ሰማንያ ስድስቱም ሲጨርሱ አዳነ "አንተም ጣል እንጂ" አለው።

"እኔ አስመራጭ ነኝ፤ አልጥልም።"

"ምነው፣ የአባትህ ምድጃ ጠፍቷል? የወይናምባ ልጅ ነህ፤ ጣል" አሉ አያ በላቸው። ሕዝቡም አዎ አለ። ሙሉቀን ሦስት ባቄላ ተሰጠውና ከጋቢው ጀርባ ገባ።

ከሦስቱ ጣሳዎች ፊት ሲቆም ሁሉንም ያውቅ ነበር። ከሰማንያ ስድስት ሰው አንድም የጎደለ ቋ አልሰማም። ሦስቱም ጣሳዎች እኩል ሰማንያ ስድስት ባቄላ አላቸው። ሦስት ቢጥል እኩል ይሆናሉ፣ ነገሩ ለሽማግሌዎች ይተላለፋል፣ ከሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ የላይ ቤት ናቸው። አንድ ቢጥል ያ የጣለበት መንደር ያሸንፋል። መቶ አርባው ገጽ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሙሉ "የሌሎችን ድምፅ አውቆ የሚመርጥ ሰው ምርጫውን ያበላሻል" ይላል። ጥሩ ምዕራፍ ነበር፤ ፈታኙም አሞግሶታል።

የሐረገወይን ጉልበት ግን ፈታኙን አያውቅም። ሙሉቀን ትናንት ማታ ስትነሳ ያየውን አሰበ፤ ግድግዳውን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር የተነሣችው። እጁ ጎመን ወደ መሰለው ዋንዛ ሄደ።

ቋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ በሕይወቱ ከሰማው ሁሉ ረጅሙ ነው ይላል። ሁለቱን ባቄላ ኪሱ ከቶ ወጣ። ማንም አላጉረመረመም። ሁሉም መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ሙሉቀን ያፈረ እንደሆነ ዓይን ለዓይን እንዳይገጥሙት ነው።

ሰላም ባቄላውን ቆጠረች። ላይ ቤት ሰማንያ ስድስት። መካከል ቤት ሰማንያ ስድስት። ታች ቤት ሰማንያ ሰባት። ቀና ብላ ሙሉቀንን አየችው፣ ከዚያ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። በዓለም ላይ ስንት ምስጢራዊ ምርጫ ተካሂዶ ይሆናል፤ ከሰማንያ ሰባት ሰው መካከል አንዱ ማንን እንደ መረጠ መንደሩ ሁሉ በቁጥር ያወቀበት ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም። አዳነ ማጨብጨብ እንዳለበት ትዝ ብሎት አጨበጨበ። አያ በላቸውም ከዘራቸውን ተቀብለው "እንግዲህ ምርጫው አለቀ። ልጃችን መረጠልን" አሉ።

ልጃችን መረጠልን። ቃሉ ምርቃት ነበር፤ ሙሉቀንን ግን እንደ ጥፊ አገኘው።

ማታ ሐረገወይን ቤት እራት ቀረበ። ትዕግስት ብቻ ደስ ብሏት ታወራለች፤ ጉድጓዱ ከደጃቸው ስንት እርምጃ እንደሚሆን ለክታ መጥታለች። ሐረገወይን ልጅቷን ወደ ጎረቤት ላከቻትና ወንድሟን አየችው።

"ሙሌ፣ እኔ ሦስቱንም ነው የጣልሁ።"

"ሰምቻለሁ እትዬ። ምነው ግን? ለራስሽ መንደር ብቻ ብትጥዪ ምን ነበረበት?"

"እማሆይ ይመኙሽ ከደጅ ቆመው ነበራ። ሰባ ዓመት ሙሉ ማዶ ወርደው የቀዱ ሰው ናቸው። እየሰሙኝ እንዴት ልንፈጋቸው?"

"እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።" ጉልበቷን በመዳፏ ያዘች። "ጉልበቴን አዳንህልኝ። ዓይኔንሳ ምን ላድርገው? ነገ የላይ ቤት ሴቶች ጀሪካን ይዘው ከደጄ ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? በምን ዓይኔ እቀዳለሁ?"

ሙሉቀን በቀላል ቋንቋ እንናገረው ቢባል፣ አፈረ። በትምህርቱም፣ በጣሳውም፣ በአርባ ደቂቃ ንግግሩም አፈረ። ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ግን ከጋቢው ጀርባ ሆኖ ያላፈረ መሆኑ ነው።

ሰኞ ንጋት ላይ፣ ማሽኑ ገና ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ሽቅብ ወደ ላይ ቤት ወጣ። አያ በላቸው ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሙሉቀን ሁለቱን ባቄላ ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረ።

"አያ፣ የኔን ድምፅ ያውጡልኝ። አጥፍቻለሁ።"

ሽማግሌው ባቄላዎቹን አገላበጡ። "አውቀናል ልጄ። ጣሳው ነግሮናል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"እንግዳ ይዋረዳል እንዴ?"

ሙሉቀን በዚህ መካከል እንኳ አፉ አላርፍ አለው። የተማረ ሰው ጥፋቱን ሲናዘዝም ጥቂት መከራከሪያ ያስቀራል። "ግን አያ፣ ከሰማንያ ሰባቱ የልቡን የጣለው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ ምን ይሉኛል ብሎ ነው የጣለው" አለ።

"እሱስ እውነት ነው። የልብህን ጥለሃል" አሉ አያ በላቸው። "ግን ሰማንያ ስድስት ሰው ልቡን ካሰማህ በኋላ ነው የጣልኸው። እኔ ስጥል ማንንም አልሰማሁም።"

ይህን አባባል ሙሉቀን ኋላ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሊጠቅሰው ፈልጎ ነበር፤ ደራሲውን ምን ብሎ እንደሚያስቀምጥ ቸግሮት ተወው።

"የኔ ከወጣ እኩል ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪወስን ደግሞ ማሽኑ ይሄዳል" አለ።

"የአንተ ትምህርት እኩል ሲሆን ምን ያዛል?"

ሙሉቀን አሰበ። በመቶ አርባ ገጽ ውስጥ ስለ እኩል ድምፅ የጻፈው አንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነበር፤ እሱም በትንንሽ ፊደል። "በዕጣ ይለያል ይላል።"

አያ በላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ዕጣማ የእግዜር ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የተኩት በምን ሆነና? ምነው ልጄ፣ ትናንት አርባ ደቂቃ ከምታስቆመን ይህን አስቀድመህ ብትለን?"

ሰው ተጠራ፤ ሙሉቀንም በሕዝቡ ፊት የራሱን ድምፅ ከቆጠራው እንዳወጣ በገዛ አፉ ተናገረ። የዕጣውን ደንብ ሁሉም ያውቁታል፤ የማኅበር ተራ ሲወጣም፣ የግጦሽ መሬት ሲከፈልም የሚደረገው ነው። ላይ ቤት ቁራጭ እንጨት ሰጠ፣ መካከል ቤት ጠጠር፣ ታች ቤት የዋንዛ ቅጠል። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሲፈለግ የማሽኑ ሾፌር ወንዴ ከመኪናው ጋቢና ተቀሰቀሰ። ዓይኑን እያሸ ወርዶ "ምን ላድርግ?" አለ። ሦስቱ ነገሮች በአዳነ ነጠላ ላይ ተዘርግተው ነበር። "አንዱን አንሣ" አሉት።

ወንዴ እንጨቱን አነሣ።

ላይ ቤት። ወፍጮው፣ ጤና ኬላው፣ አዳራሹ፣ አሁንም ውሃው። እጅ ቢወጣ ኖሮ የሚሆነው ይኸው ነበር፤ የሙሉቀን መቶ አርባ ገጽ፣ ሦስት ጣሳና ሁለት መቶ አምሳ ዘጠኝ ባቄላ ሰውን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው አደረሰው። እህቱን ለማየት ፈራ። ለሷ አሸንፎላት ነበር፤ አሁን በገዛ አፉ አስነጠቃት። ላይ ቤቶችም ለመደሰት ታች ቤቶችን ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ እልል ያለችው ሐረገወይን ነበረች። የዛፍ ግንድ ተደግፋ፣ በአንድ እግሯ ቆማ፣ እልልታዋን እስከ መጨረሻው አወጣችው። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሏት። ሙሉቀን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ነው ብሎ ለሰላም ነገራት። እሷም "አቧራ አለ" ብላ ወረቀቷን ቀይራ ጻፈች።

ጎንደር ሲመለስ ጥናቱን ጻፈ። የተሳትፎ መጠን መቶ በመቶ፣ አንድም የተበላሸ ድምፅ የለም። ሁለቱም እውነት ናቸው። መጽሔቱ መለሰለት፤ "ውጤቱ ለማመን ያስቸግራል" ከሚል አስተያየት ጋር። ዓይናለም ይህን አንብባ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች።

በየካቲት ወር እህቱን ሊጠይቅ ተመልሶ ሄደ። ጀሪካን አንሥቶ "ዛሬ እኔ እቀዳለሁ፣ አንቺ አረፍ በይ" አላትና ወደ ላይ ቤት ወጣ። በመንገዱ ያገኘው ሁሉ በደስታ ሳመው፤ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ሰው በምላሱ "ቋ" አለ፣ ሌላው ሳቀ። ወይናምባ ውስጥ ስሙ አንድ ቋ ሆኗል። ማራኪ ቡኒ፣ ወይናምባ ቋ፤ በሁለቱም ሀገር የሚታወቅ ምሁር።

ፓምፑ ዘንድ ረጅም ሰልፍ ነበር። እማሆይ ይመኙሽ ከጥላ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሙሉቀን ሰልፉ ላይ ቆሞ ሲያይ አንድ ነገር ገረመው። ከታች ቤት የሚመጡ ሴቶች ወደ ኋላ አይሄዱም። ልክ ሲደርሱ የላይ ቤቶቹ ጀሪካናቸውን ሳብ ያደርጋሉ፣ እነሱም በቀጥታ ፓምፑ ሥር ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ የመካከል ቤት ሰው ከመጣ ይቀዳል። ላይ ቤቶች መጨረሻ ናቸው።

"እማሆይ፣ ይህን ተራ ማን አወጣው?" አለ።

"የቱን ተራ?"

"ታች ቤቶች ይቅደሙ የሚለውን።"

"መንገዳቸው ሩቅ አይደል?"

"አዎ፣ ግን ማን ወሰነው? ስብሰባ ነበር? ድምፅ ተሰጠበት?"

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። እንደ ታመመ ሰው አተኩረው አዩት። "ለዚህም ድምፅ ይሰጣል?" አሉት።

ያቺ ምርጫውን ያበላሸችበት ይሉኝታ፣ ያቺ በሦስት ጣሳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቋ ያለችው፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ማንም ሳያስተምራት ቆማ ታስተናብራለች። ሙሉቀን ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል እማሆይ በመቁጠሪያቸው አገዱት።

"ወዴት?"

"ለእትዬ ሐረግ እኮ ነው የምቀዳ። ታች ቤት።"

"እሷ ስትመጣ ታልፋለች። አንተ የማራኪ ሰው ነህ፣ ጉልበትህም ጤነኛ ነው። ከኋላ ቁም።"

ከኋላ ቆመ። ልማድ ነውና ከፊቱ ያለውን ቆጠረ፤ አሥራ አራት። አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢቆጥር አሁንም አሥራ አራት ነው፤ ሁለት ቀድተው ሲሄዱ ሁለት ከታች ይመጣሉ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ወጣች። ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ሐረገወይን ወንድሟ ገደል ገብቶ እንደሁ ብላ፣ ሌላ ጀሪካን ይዛ እያነከሰች ብቅ አለች። ሰልፉ ተከፈተላት። በሙሉቀን አጠገብ ስታልፍ "ሳልሞላ እንዳትሄድ፣ የምትሸከመው አንተ ነህ" አለችው።

ፓምፑን ያዘች። የላይ ቤት ሴቶች ዙሪያዋን ከበው ያጫውቷት ነበር፤ እሷም እየቀዳች አንድ በአንድ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትመልስላቸው ነበር። ከሙሉቀን ፊት ገና አሥራ አራት ሰው ነበረ።